የላይኛው ሁለት ሜትር

ሀቢቡ ሰው ማድነቅ አይሆንለትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኢንጂነሩንም፣ ዶክተሩንም፣ ፈረንጁንም በላንድክሩዘር ጭኖ ሲያመላልስ አንዳቸውንም «ይገርማል» ብሏቸው አያውቅም። ከተማረ ሰው ጋር ብዙ የዋለ ሹፌር፣ የተማረ ሰው ምን እንደሚረሳ ያውቃል። መነጽሩን መኪና ውስጥ ይረሳል፣ ውሃ መያዝ ይረሳል፣ ሲብስበትም ሰላምታ መመለስ ይረሳል። ስለ ዶክተር ሳቢሪን ከጠየቃችሁት ግን መጀመሪያ ትንሽ ያጉረመርምና «እሷ እንኳ…» ብሎ ይጀምራል። ከጀመረ ደግሞ አንድ ሰዓት ይፈጅባችኋል።

ሳቢሪን የወልቂጤ ልጅ ናት። ሙያዋ መሬትን ሳይቆፍሩ ውስጧን ማየት ነው። የብረት ችካሎች በተርታ ይተከላሉ፣ በሽቦ ይያያዛሉ፣ ከመኪና ባትሪ ኮረንቲ ይለቀቅባቸዋል። ኮረንቲው ከመሬት በታች የት ላይ በቀላሉ እንዳለፈ፣ የት ላይ እንደተቸገረ መሣሪያው ይመዘግባል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ባለቀለም ሥዕል ይወጣል። አለቱ፣ ውሃው፣ ጨው ያለበት አፈር፣ ሁሉም በየቀለሙ ይታያል።

ሁለቱም ለአንድ ኩባንያ በሚሠሩበት ዘመን፣ ጋዝና ጥልቅ ውሃ ፍለጋ ቆላ ለቆላ ሲንከራተቱ፣ ሌሎቹ ባለሙያዎች መኪና ውስጥ ሆነው በመስኮት ትእዛዝ ይሰጡ ነበር። ሳቢሪን ግን ሻሿን ጠበቅ አድርጋ መዶሻውን ከሀቢቡ እጅ ትቀበለዋለች። ሀቢቡ ያኔ «ሥራዬን ልትቀማኝ ነው እንዴ» እያለ ይነጫነጭ ነበር፤ በሆዱ ግን ኮርቶባታል።

አንድ የሥራ ደንብ ነበራቸው። ሥዕሉ እንደወጣ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር የላይኛውን ሁለት ሜትር መሰረዝ ነው። የእርሻ ትልም፣ የዛፍ ሥር፣ የትናንት ዝናብ እርጥበት፣ የከብት ዱካ፣ ሁሉም እዚያ ስለሆነ ሥዕሉን ያበላሽባቸዋል። ያን ክፍል «ጩኸት» ይሉት ነበር። አዲስ ልጅ ሲቀጠር ሳቢሪን ራሷ «ጩኸቱን አጥፋ፣ የኛ ጉዳይ ከታች ነው» ብላ ታስተምረዋለች። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም፤ ሀቢቡም ቢሆን።

ከስምንት ዓመት በፊት ኩባንያው ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት መንደር ጥልቅ ውሃ እንዲፈልግ ተላከ። መንደሯ የሀቢቡ መንደር ናት። ታላቅ ወንድሙ ሸረፋ እዚያው፣ በአባታቸው መሬት ላይ በርበሬ ያመርታል። ሳቢሪን ሦስት ቀን ለካችና በአራተኛው ቀን አንድ ቦታ ላይ ቆማ «እዚህ ጋ» አለች። መቶ ሰማንያ ሜትር ላይ ውሃው ገንፍሎ ወጣ። መንደሩ በሬ አረደ፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት፣ ጉድጓዱም ከዚያ ቀን ጀምሮ «የሳቢሪን ውሃ» ተባለ። ያን ቀን ሀቢቡ ውሃውን ያገኘው እሱ እስኪመስል ድረስ ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ዋለ።

ሦስት ዓመት ጥጋብ ነበር። ሸረፋ በመስኖው በዓመት ሁለቴ በርበሬ ለቀመ። በአራተኛው ዓመት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ በሽታ ነው ተባለና መድኃኒት ተረጨ። በአምስተኛው ዓመት ትልሙ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የመሰለ ነጭ ነገር ታየ። ሸረፋ በስልኩ ቀርጾ፣ በረሃ ካምፕ ለነበረው ወንድሙ ላከለት። ሀቢቡም ቁርስ ላይ፣ መላ ትፈልግልኛለች ብሎ ሳይሆን እንዲሁ ሆድ ብሶት፣ ለሳቢሪን አሳያት።

ሳቢሪን የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። ያን ቀን ሙሉ ከድንኳኗ አልወጣችም። ሀቢቡ ለምሳ ሊጠራት ሲገባ ኮምፒውተሩ ላይ የዚያች መንደር ሥዕል ተከፍቶ ነበር። ከታች እስከ ሁለት መቶ ሜትር ቀለሙ ሁሉ አለ። ከላይ ግን በቢላ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

«ይህን የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ሁሌ እንሰርዘው የለ እንዴ?»

«አዎ። ሁሌ እንሰርዘዋለን።» ዓይኗን ከሥዕሉ ላይ አላነሳችም። «ሀቢቡ፣ ሰው የሚበላው ከዚህ ከሰረዝኩት ላይ ነው። ውሃው ጨው ይኑረው አይኑረው፣ አፈሩ ያሳልፈው አያሳልፈው፣ አላየሁም። ውሃ አገኘሁ ብዬ ሄድኩ።»

የተሰረዘውን ለመመለስ ያልቆፈረችው ፋይል አልነበረም። ኩባንያው ጥሬውን መረጃ ከጣለ ቆይቷል። በሦስተኛው ወር ሥራዋን ለቀቀች። ባልደረቦቿ አበደች አሉ፤ የክፍሉ ኃላፊ ልትሆን ሁለት ወር ነበር የቀራት። እሷ ግን በአርባ አንድ ዓመቷ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ዶክተር ተብላ ሳለ፣ «እትዬ» ከሚሏት ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስለ አፈር ከሀሁ ጀመረች። አፈር በመዳፍ ጨብጦ ማድቦልቦል፣ ማሽተት፣ ውሃ አፍስሶ በሰዓት ምን ያህል እንደሰረገ መመዝገብ። ዓመት ሳይሞላ ሀቢቡም ኩባንያውን ጥሎ ተከተላት። ለምን ሲሉት «ሽቦ የሚዘረጋላት ታጣለች ብዬ ነው» ይላል፤ እውነቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

በዚህ ኅዳር ሁለቱ ወደ መንደሯ ተመለሱ። ያመጣቸው ሸረፋ ነው፤ ወይም የሸረፋ ተስፋ መቁረጥ ነው ማለት ይሻላል። ሸረፋ መሬቱን ለአንድ ብሎኬት አምራች ሊሰጥ ተስማምቷል። ሎደር ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ የላዩን አፈር ይጠርግና ከሥሩ ያለውን ቀይ አሸዋ ያወጣል። «የሞተ መሬት ነው፤ ቢያንስ ግድግዳ ይሁን» አለ። አፈሩ አንዴ ከተጠረገ ደግሞ መመለሻ የለውም። ሳቢሪን እስከ ዓርብ ብቻ እንዲታገሳት ለመነችው። ለሌላ ሰው ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ይል ነበር፤ የውሃው ባለቤት ስለሆነች እሺ አላት።

መንደሩማ እንደ ድሮው ነው የተቀበላት። አሮጊቶቹ እጇን ይስማሉ፣ ጎልማሶቹ «የውሃችን እናት» ይሏታል። እንዲህ በተባለች ቁጥር አፏን ከፍታ መልሳ ስትዘጋው ሀቢቡ ያያል።

«ተይው» አላት ረቡዕ ዕለት፣ ሽቦ ሲጠቀልሉ። «ማንም አያውቅም። አፈሩን አክሚላቸውና እንሂድ።»

ሳቢሪን ሽቦውን መጠቅለሏን ቀጠለች።

ሐሙስ የሸረፋን መሬት ከዳር እስከ ዳር ለኩት። ጨው እስከ አንድ ሜትር ሞልቶታል፤ ከሱ ሥር ውሃ የማያሳልፍ፣ ሊሾ የመሰለ ደረቅ ንብርብር ተዘርግቷል። ሳቢሪን ሥዕሉን ለሀቢቡ አሳየችው።

«አሁን ጥያቄው አንድ ነው» አለች። «ይህ ከጥንት እንዲህ ከሆነ መድኃኒት የለውም፤ ሸረፋ ልክ ነው። የኛ ውሃ ያመጣው ከሆነ ግን ሊድን ይችላል። ድሮ ምን እንደነበር የሚናገረውን ደግሞ እኔው ሰርዤዋለሁ። ያልታረሰ፣ ያልተቆፈረ፣ የጉድጓዱ ውሃ ያልነካው መሬት አጠገባችን ቢኖር…»

«ጀፎረው አለ አይደል!» አለ ሀቢቡ።

ጀፎረ ከቤቶቹ ፊት ለፊት በመንደሩ መሃል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው፣ ሽምግልናውም እዚያ ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው፤ ማረሻም ዶማም አርፎበት አያውቅም። ለሳቢሪን ሥራ ከዚህ የተሻለ መሬት አይገኝም። ሀቢቡም ደስ ብሎት፣ እሷ መሣሪያዋን ከመኪና እስክታወርድ እንኳ ሳይጠብቅ፣ አርባዎቹን ችካሎች በትከሻው ተሸክሞ ሮጠ። ቢጫ ሲባጎ ወጠረ። መዶሻውን አነሳ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ችካል የቀጠቀጠ እጅ ነውና እጁ ሥራውን ሠራ። ጭንቅላቱ የት እንደነበር እሱም አያውቅም። ሌላ አገር ቢሆን ስህተት አይባልም፤ የዚያች መንደር ልጅ ግን ጀፎረ ላይ ችካል መትከል ምን ማለት እንደሆነ ከጡት ጋር ነው የሚጠባው። ችካል የሚተክል ሰው መሬቱን ለመከለል የመጣ ሰው ነው። ሀቢቡ አሥራ ሰባተኛውን ሲመታ የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው መጀመሪያ የወጡት የመንደሩ አንጋፋ እማማ ሃሊማ ናቸው። ምርኩዛቸውን ጥለው፣ በሁለት እጃቸው የመጀመሪያውን ችካል ነቀሉት።

«ሀቢቡ! አባትህ በተቀመጡበት ሣር ላይ? ለማን ልትሸነሽነው ነው?»

ሀቢቡ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። በአንድ አፍታ መንደሩ ወጣ። ችካሎቹ ተነቃቅለው ተከመሩ፣ ሲባጎው ተበጣጠሰ። ሳቢሪን ደርሳ ልታስረዳ ብትሞክር የሚሰማት አልነበረም። ሸረፋ ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ወንድሙን ዓይን ለዓይን ላለማየት ፊቱን አዞረ። ሐጂ ሙከሚል፣ የሽማግሌዎቹ መሪ፣ ነገሩ በማግሥቱ ከጁምዓ በኋላ እንዲታይ ወሰኑ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ መንደሩ ጀፎረው ላይ በክብ ተቀመጠ። ሀቢቡ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ሳቢሪን ከጎኑ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ ሐጂ ሙከሚል። «ሀቢቡ የኛው ልጅ ነው፤ እያወቀ አጥፍቷል፤ ካሣውን በኋላ እንነጋገራለን። እሷ ግን እንግዳ ናት። ደግሞ ማን ናት? በደረቅ አገር ውሃ ያጠጣችን ናት። ስለዚያ ውሃ ሲባል ይቅር ብለናታል። ሥራዋንም ትቀጥል።»

ከየአቅጣጫው «ይቅር ብለናል» ተባለ። ሀቢቡ እፎይ አለ። አሁን «አላህ ይስጥልኝ» ትበልና እንቀመጥ ብሎ ጠበቀ። ሳቢሪን ግን ወደ መሃል ሁለት እርምጃ ገባች።

«ሐጂ፣ ስለ ውሃው ብላችሁ ይቅር አትበሉኝ።»

ሀቢቡ የሻሿን ጫፍ እንኳ ይዞ ሊጎትታት ቃጥቶት ነበር።

«በርበሬያችሁን የገደለው በሽታ አይመስለኝም» አለች። «ውሃው ነው የሚመስለኝ። ጨው አለበት፤ ከብትን የማይጎዳው አፈር ላይ ሲጠራቀም ይጎዳል። ያን ጊዜ እኔ ወደ ታች መቶ ሰማንያ ሜትር አየሁ። እናንተ የምትዘሩበትን ሁለት ሜትር ግን ለሥራዬ አይጠቅምም ብዬ ሰረዝኩት። አይቼው ቢሆን ለመስኖ አታውሉት እላችሁ ነበር። አላየሁም። በሬ አረዳችሁልኝ፣ በስሜ ጠራችሁት፣ እኔም ተቀብዬ ሄድኩ። ከመጣሁ ጀምሮ ልነግራችሁ ፈልጌ ፈራሁ።»

ሸረፋ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አራት ዓመት» አለ፤ «በሽታ ነው ብዬ አራት ዓመት መርዝ በጀርባዬ ተሸክሜ ስረጭ ነበር። ልጆቼ ሲያስሉ በዚያው ነው። ነገ ሎደር ሊመጣ ዛሬ ትነግሪኛለሽ?»

«እውነትህን ነው» አለች ሳቢሪን።

ሸረፋ ክቡን ጥሶ ወጣና ሄደ። ሀቢቡ ሊከተለው ፈለገ፤ ግን ሳቢሪንን ብቻዋን ትቶ መሄድ አልሆነለትም። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያደነቀው በዚያች ደቂቃ ነው። ምሕረት እጇ ገብቶ ሳለ መልሳ ስትሰጥ አየ፤ እሱ ቢሆን እንደማይችለው ያውቃል።

ከሸረፋ ቀጥለው የተናገሩት እማማ ሃሊማ ናቸው።

«እሺ፣ ሰማንሽ» አሉ። «የሸረፋ መሬት ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«አላውቅም፣ እማማ። እኔ የሰረዝኩትን ይህ ጀፎረ ይዞልኛል። ከዚህ ሥር ያለው አፈር ንጹሕ ከሆነ የሸረፋም ንጹሕ ነበር ማለት ነው፤ ሊድን ይችላል። ይህም ጨው ካለበት ግን ተፈጥሮው ነው። ለማወቅ ችካሎቹን መትከል አለብኝ።»

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። ክርክሩ ረዘመ፤ አንዱ ምርኩዙን መሬት ላይ እየመታ ሲናገር ይታያል። ሲመለሱ ሐጂ ሙከሚል ቆመው ተናገሩ።

«አንድ ሰው ጀፎረ ላይ ችካል አይተክልም። ይህ አይለወጥም። ግን አርባ ቤት ነን፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ችካል ይትከል። በእጁ፤ መዶሻ አይነሳ። የተከለው ቤት ራሱ ይንቀል፤ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ከመድረሱ በፊት አንድም እንዳይቀር። የሁሉም ሲሆን የማንም አይሆንም።»

የከሰዓቱ ሶላት፣ አሱር፣ እንደተሰገደ ሥራው ተጀመረ። ሀቢቡ እንዲህ ዓይነት ልኬት አይቶ አያውቅም። አባወራው፣ እማወራዋ፣ የልጅ ልጅ የታቀፈችው አያት፣ ሁሉም ችካል ይዞ ተሰለፈ፤ ሳቢሪንም ሜትሯን ይዛ «እዚህ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ልክ ነው» እያለች ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች። ዝናቡ ከሄደ ገና ስለሆነ ሣሩ ሥር ያለው መሬት ለእጅ ይለዝባል። ሙባሪክ የሚባል ነጋዴ «ያንዘፈዝፈናል እንዴ?» ብሎ ችካሉን በጋቢው ጠቅልሎ ሲይዘው ሰው ሁሉ ሳቀበት።

ሠላሳ ዘጠኝ ተተከለ። አርባኛው የሸረፋ ቤት ተራ ነበር። ሀቢቡ ችካሉን አንስቶ «ያው የአንድ አባት ልጆች ነን» ብሎ ጎንበስ ሲል እማማ ሃሊማ በምርኩዛቸው እጁን ነካ አደረጉት።

«አንተ ትናንት ተክለሃል፤ ይበቃሃል።»

ጠበቁ። ኮረንቲው ሊለቀቅ አልቻለም፤ ፀሐይዋም ወደ ዘቢዳር ተራራ አዘነበለች። ሳቢሪን ሰዓቷን አላየችም፤ መንገዱን ብቻ ታያለች። በመጨረሻ ሸረፋ ከቤቶቹ ጀርባ መጣ። ችካሉን ከሀቢቡ እጅ ተቀበለ፣ በሁለት እጁ ገፍቶ አስገባው፣ ወደ ኋላ ተመለሰና ቆመ።

ልኬቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሥዕሉ ሲወጣ ሐጂ ሙከሚል፣ ሸረፋና ሀቢቡ ከሳቢሪን ትከሻ በላይ አጎንብሰው አዩት። እሷ ታችኛውን ክፍል አልነካችውም፤ የላይኛውን ሁለት ሜትር ብቻ አጉልታ ስክሪኑን ሞላችው። የጨው ቀለም የለም። ደረቁ ንብርብር የለም። ውሃ ከሣሩ ሥር እስከ ታች ያለ እንቅፋት ይወርዳል። ሳቢሪን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሸረፋ» አለች፣ «አፈርህ አልሞተም፤ ታሟል። ያሳመምኩትም እኔ ነኝ። የጉድጓዱን ውሃ ከማሳው ላይ ማቆም አለብህ። ንብርብሩን እንሰብረዋለን፣ ፍግና አፈሩን የሚያላላ ጂፕሰም እናስገባለን፣ የክረምት ዝናብ ደግሞ ጨውን ያጥበዋል። አራት ክረምት፣ ምናልባት አምስት። ይሆናል ብዬ አልምልልህም። እኔ ግን በየክረምቱ እዚህ ነኝ።»

ሸረፋ ሥዕሉን አየና ሄደ። ሎደሩን እንደሚያስቀር ወይም እንደማያስቀር አልተናገረም። ሳቢሪንም አልጠየቀችውም፤ ወደ ሐጂ ሙከሚል ዞረች።

«ሐጂ፣ ስሜን ከጉድጓዱ ላይ አንሱልኝ። አይገባኝም።»

ሐጂ ሊመልሱ ሲሉ እማማ ሃሊማ ቀደሟቸው።

«አይነሳም» አሉ። «አፈሩን እስክታድኚው ድረስ ስምሽ እዚያው ይቆይ። ሲድን ደግሞ እናያለን።»

ሳቢሪን ራሷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉም የተከለውን ነቀለ። ሀቢቡ እየተቀበለ ቆጠረ። ሠላሳ ዘጠኝ። እንደገና ቆጠረ፤ ሠላሳ ዘጠኝ። የሽማግሌዎቹ ቃል ገና ሳይደርቅ አንድ ችካል ጀፎረው ላይ ቢያድር፣ ሁለተኛ ጊዜ በዚህ መንደር ፊቱን የሚያሳይበት የለም። በእጁም በእግሩም ሣሩን ዳበሰ። ሳቢሪንም ተንበርክካ አብራው ፈለገች።

ያኔ ከወደ ሸረፋ ማሳ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ።

ሁለቱም ተያይዘው ሮጡ። ሸረፋ በማሳው መግቢያ ላይ፣ ሎደሩ በሚገባበት መንገድ ልክ መሃል ላይ ቆሞ ነበር። ችካሉ እስከ ግማሹ ጠልቋል። ዙሪያው ነጩ አፈር በመዶሻው ምት ተሰነጣጥቋል።

«ጋሼ» አለ ሀቢቡ እያለከለከ፣ «እሱኮ የዶክተሯ ነው።»

ሸረፋ አንዴ ጨምሮ መታው። ከዚያ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ነገ ሎደሩ ሲመጣ ምናልባት እኔ አልኖርም፤ ቡታጅራ ፍግ የሚጭን መኪና ልፈልግ እሄዳለሁ» አለ። «ችካል ካየ ባለቤት ያለው መሬት መሆኑ ይገባዋል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቢሪንን ቀና ብሎ አያት። «አራት ክረምት አውሼሻለሁ። አምስት ካልሽም አምስት።»

ሳቢሪን ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። በመሣሪያዎቿ ዝርዝር ላይ «ችካል፣ አርባ» የሚለውን አንድ ጊዜ ሰረዘችና «ሠላሳ ዘጠኝ» ብላ ጻፈች።